በየማለዳው የሚመጣው ጎብኚ

አባቴ ወንበር ሠሪ ናቸው፤ ሙያውን የተማርኩትም ከሳቸው ነው። ከስምንት ወር በፊት ግን ጎበዝ ነጋዴ ልሁን ብዬ፣ አርባ ዓመት የሠሩበትን ጠረጴዛ ወደ ጓሮ አወጣሁና ቦታውን ፎቶ ማንሻ አደረግኩት። ሲጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ «አባዬ፣ የእርስዎ ዘመን አልፏል፤ አሁን ገበያው ኢንተርኔት ላይ ነው» አልኳቸው። መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሱቁን ደጃፍ አልረገጡም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ መሆኔን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ወረቀት አይደለሁም።

ሚስቴ በየቀኑ «አባትህ እኮ ናቸው፤ ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» ትለኛለች። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሥራ በዝቶብኛላ!

ሥራዬ ምን ነበር? ስክሪን ላይ ማፍጠጥ። ድረ ገጻችንን የሠራችልን ባለሙያ አንዲት አጭር ኮድ አስገባችበት። «እንደ በረኛ ቁጠረው» አለችኝ። «የሰውየውን ስም አይነግርህም። ግን አንድ ስልክ ስንቴ እንደመጣ፣ የትኛውን ወንበር እንዳየ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሳይገዛ እንደወጣ ይመዘግባል። ከዚያ ሰውየው ሌላ ድረ ገጽ ሲከፍት ማስታወቂያህ ይከተለዋል።»

«ሰው መከተል ነውር አይደለም?» ማለት ነበረብኝ። «ስንት ቀን ይከተላል?» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎብኚ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። የሚያየው ባለመደገፊያውን ወንበር ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ይቆይና ሳይገዛ ይወጣል። አርባ አንድ ቀን ቆጠርኩለት፤ አንድም አላጓደለም። ለወንበር እንዲህ የሚንገበገብ ሰው ሆቴል ሊከፍት ነው ብዬ ደመደምኩና «ሀብታሜ» የሚል ስም አወጣሁለት።

«ገባ!» እያልኩ ሚስቴን እቀሰቅሳታለሁ።

«ማን?»

«ሀብታሜ!»

ትራሷን ጆሮዋ ላይ ትጭናለች።

ወንበሩን አይተው ላልገዙ ሰዎች የሚታይ ማስታወቂያ አዘዝኩ። ከፎቶው ሥር በገዛ እጄ «ተመልሰው ይምጡ። እየጠበቅንዎት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው እኔኑ ሊያስለቅሰኝ ደረሰ። ሀብታሜ አሥራ አንድ ጊዜ ነካው። ሰው እንዴት እንደሚሳብ ገብቶኛል ብዬ ባለሙያዋን ራሷን ማስተማር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የሱቁ በር ተከፈተ። ለሀብታሜ ብዬ የተኮስኩትን ሸሚዝ እንደለበስኩ ዘልዬ ተነሳሁ። አባቴ ናቸው። መላጊያቸውን በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«እንግዲህ» አሉ እዚያው ቆመው፣ «ልጅ አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቶ አባት አልመጣም ካለ፣ ጥፋቱ የአባት ነው።»

«እኔ? መቼ ጠራሁዎት?»

«ስለ ዝናቡ ላነብ ስልኬን ስከፍት፣ አንተ ነህ። ኳስ ልይ ስል፣ አንተ ነህ። ተመልሰው ይምጡ ትለኛለህ። መጀመሪያ ኮርቼ ነበር። በየሄድኩበት እየተከተልክ ስትለምነኝ ግን አንጀቴ አልቻለም።»

«ጠዋት ጠዋት ወንበሩን የሚያዩት… እርስዎ ነዎት?»

«ወንበሩማ ምን ያደርግልኛል፤ የኋላ እግሩ ጠማማ ነው። የማየው እጅህን ነው።»

ፎቶው ላይ መደገፊያውን የያዘ እጄ ይታያል። ፎቶው በተነሳበት ሰሞን መጋዝ ቆርጦኝ አውራ ጣቴ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ዛሬ ፋሻውን ፈትቶት ይሆናል እያልኩ በየማለዳው እከፍታለሁ፤ አይፈታም። እስካሁን የማይድን ምን ዓይነት ቁስል ነው? አሳየኝ እስቲ።»

ፎቶ እንደማይለወጥ መንገሩን ተውኩት። ጣቴን ሰጠኋቸው። ከዳነ ሰባት ወሩ ነው። እያገላበጡ አዩት፣ ጠባሳውን አሹት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዝም ብዬ የይቅርታ ጠያቂነቱን ክብር መውሰድ እችል ነበር። ሚስቴ ግን ጓሮ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አባዬ፣ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም። ለገዢ ነበር የጻፍኩት፤ ማሽኑ ነው ለእርስዎ ያመጣው።»

መላጊያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ።

«አሁንስ እኔ መሆኔን አወቅህ?»

«አወቅኩ።»

«እንግዲያው አሁን በለው።»

ለማላውቀው ሰው በአንድ ትንፋሽ የጻፍኩትን ቃል ለአባቴ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አወጣሁት። «ተመልሰው ይምጡ አባዬ» አልኩ በስንት መከራ። «በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። እየጠበቅኩዎት ነበር።»

ጠረጴዛውን ከጓሮ አብረን አስገባነው።

ማክሰኞ ዕለት ባለሙያዋ ደወለች። «መጥፎ ዜና ነው» አለች። «የማለዳው ጎብኚህ ከቅዳሜ ወዲህ ጠፍቷል። በሪፖርቱ መሠረት ማስታወቂያው አንድም ሰው አላመጣም። እናቁመው?»

«አቁሚው» አልኳት። አባቴ ከጎኔ የወንበሩን ጠማማ እግር እየላጉ ነበር።