ግሪሳ የሚያባርረው ባንድ

ግሪሳው ከጓንግ ወንዝ በኩል ተነሥቶ ሰማዩን ሲያጠቁረው አሰበች ማማዋ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትቆርስ ነበር። ዳቦውን ወዲያ አለችና የቴፑን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

ከማማው እንጨት ጋር የታሰረው ሞንታርቦ መጀመሪያ አሳለ። ቀጥሎ ጊታሩ እንደ ብረት መጋዝ ጮኸ፣ ከበሮው ተከተለ፣ በመጨረሻም ያ ካሴቱ ላይ የሚዘፍነው ሰውዬ፣ ማን እንደ ሆነ አንድም ቀን ያላወቀችው ሰውዬ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ለቀቀው። ያ ሁሉ ወፍ ማሽላው ላይ ሊያርፍ ክንድ ሲቀረው በአንዴ ዞሮ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

"አሰቡ! ዛሬም ጋኔልሽን ለቀቅሽው?" አለ ጎረቤቷ ዋሴ ከራሱ ማሳ። የትራክተሩ ተሳቢ ተሰብሮበት ከኮኪት በያጅ አስመጥቶ ያሠራል።

"ያንተንም ማሽላ እኮ ነው የሚጠብቅልህ! ምስጋናው ቀርቶ ስድብ!"

"ኧረ ምስጋናስ አለኝ! ጆሮ ነው ያጣሁት!"

ካሴቱን ያመጣው ባሏ አዛናው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት መተማ ዮሐንስ ወርዶ ከመጂዳ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲገዛ፣ መጂዳ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ከመጣ ዕቃ መሃል አንድ ካሴት መዘዘችና "ይህን የሚገዛኝ አጣሁ፤ ሰው አንዴ ይሰማውና ይመልስልኛል። በነጻ ውሰድልኝ" አለችው። አዛናው ደግሞ የነጻ ነገር አይተውም። ቤት ወስዶ ሲከፍተው ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ካሴቱን በወረወረው ነበር። እሱ ግን "አሰቡ፣ ዶሮን እንዲህ ካደረገ ግሪሳን ምን ያደርገው ይሆን!" ብሎ በማግሥቱ ቴፕና የመኪና ባትሪ ማማው ላይ ሰቀለ። ጉድ እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ በየጥቅምቱ ግሪሳው የአገሩን ማሽላ ሲያራግፍ የእነሱን ሳይነካ ያልፋል።

አዛናው ከሞተ አራት ዓመቱ። ቴፑ ሦስቴ ተቀይሯል። ካሴቱ ግን ያው ነው፤ ክሩ ሲጠላለፍ በእስክሪብቶ እያጠነጠነች ታስተካክለዋለች። የመጀመሪያው ዘፈን ለግሪሳ ነው። በከበሮ የሚጀምረው ሁለተኛው ለዝንጀሮ። ሦስተኛው ላይ ሰውዬው መጮሁን ትቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሚያንጎራጉር ወፍ አያባርርም። እሱን አሰበች ቀትር ላይ፣ ወፍ በሌለበት፣ ለራሷ ትከፍተዋለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ታፍራለች።

ዛሬ ቴፑን ሳታጠፋው ሁለተኛው ዘፈን ቀጠለ። ወዲያው ማሽላው ተንኮሻኮሸ። ዝንጀሮ መስሏት ወንጭፏን አነሣች። የወጣው ግን ሰው ነው፤ ረዥም፣ ሽበታም፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ መዶሻ የያዘ። ዋሴ ያስመጣው ሱዳናዊ በያጅ ነበር።

"ቁም! ምን ፈለግህ?" አለችው የገላባት ገበያ ባስተማራት ዐረብኛ።

ሰውዬው መዶሻውን ጣለና በሁለት እጁ ጭኑን መምታት ጀመረ። አሰበች ወንጭፏን እንደ ያዘች ቀረች። ሰውዬው ከበሮውን አይከተልም፤ ይቀድመዋል። ዘፈኑ መሃል ላይ ከበሮው ድንገት ዝም የሚልበት ቦታ አለ። የማያውቅ ሰው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። የሰውዬው እጆች እዚያው ቦታ ላይ፣ አየር ላይ ቆሙ፤ ከበሮው ሲመለስ አብረው ወረዱ። አሰበች ያንን ቦታ በዚህ ምድር ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስላትም ነበር።

ቴፑን አጠፋችው።

"ከየት ታውቀዋለህ?"

"ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ" አለ ሰውዬው። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

አሰበች ከማማው ወረደች። በዚያ ካሴት ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ማንም ሰው ቤት ያላቸው፣ የሚርባቸው፣ የሚያረጁ መሆናቸውን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስባው አታውቅም። ምን እንደምታደርግ ጠፋት። የቀረውን ዳቦ ሰጠችው፤ ከጀሪካኑ ውኃ ቀዳችለት።

ፈሀድ ይባላል። የአትባራ ሰው ነው፤ ጓንግ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ወርዶ ወርዶ የሚደርስበት ከተማ። እሱና ሳጂድ የሚባል ጓደኛው እዚያ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ።

"ከበሮ የተማርሁት በመዶሻ ነው" አላት። "ሳጂድ ደግሞ በዚያ ሁሉ የብረት ጩኸት መሃል እንድሰማው ሲል መጮህ ለመደ። ጊታር ገዛን፣ ሁለት ልጆች ጨመርን፣ ባንዱን 'ሀቡብ' አልነው።"

"ያ የአቧራው ማዕበል?"

"አዎ፣ እሱ። የምንጫወተው ሄቪ ሜታል ነው። መጀመሪያ ሰርግ ላይ ተጫውተን በድንጋይ አባረሩን።"

አሰበች ሳቋ አመለጣት። "የእኔም ዶሮዎች አጥር ዘለዋል።"

"በኋላ ግን ሰው መምጣት ጀመረ፣ እህቴ። ካርቱም ስንጫወት ባቡር ጣራ ላይ ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ተጫወትን። ከዚያ ባለሥልጣናቱ ከለከሉን፤ ጊታሩንም ሰበሩት። ከመከልከላችን በፊት አንዲት ካሴት ብቻ ቀርጸን ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ፣ በር ዘግተን፣ በአንድ ቀን።"

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት። እኛ ቀረን፣ እሷ ሄደች። ዛሬ ካይሮ ያሉት ባንዶች፣ ናይሮቢ ያሉት፣ አባቶቻችን ሀቡቦች ናቸው ይላሉ። ካሴቷ ግን አንዳቸውም ጋ የለችም፤ ከሰማ ሰው የሰሙትን ነው የሚጫወቱት። ሦስተኛውን ዘፈን የሚያውቅ ጭራሽ የለም። የእኔ ቅጂ ስሸሽ ቀረ። ዋናው ሳጂድ ቤት ነበር። በጦርነቱ ቤቱም ሳጂድም በአንድ ቀን ሄዱ።"

አሰበች በነጠላዋ አፏን ያዘች። "ያ የሚጮኸው? ሞተ?"

"አምና።"

ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ግን አዛናው ከሞተ ወዲህ በዚህ ማማ ላይ ሲያነጋግራት የኖረው እሱ ነበር። "ነፍስ ይማር" አለች በአማርኛ፣ ዐረብኛው ጠፍቶባት።

"በቀን ስንት ጊዜ ታጫውቺዋለሽ?"

"በወፍ ጊዜ? ጠዋት ሁለት ሦስቴ። ማታም እንዲሁ። ሃያ ሁለት ዓመት።"

ፈሀድ እያለቀሰ ሳቀ። "እንግዲያ ከዓለም ሁሉ አብልጠሽ የሰማሽን አንቺ ነሽ።"

"ሦስተኛውን ልክፈትልዎ?" አለችው። ሳታስበው በአማርኛ አንቱ ብላው ነበር።

"ቆይ፣ አትክፈቺው።" ማማው ላይ ወጥቶ ካሴቱን ከቴፑ አወረደና ወደ ፀሐይ ያዘው። ጥቁሩ ክር ገርጥቷል፤ አንዳንድ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። "በዞረ ቁጥር ድምፁ እየተፋቀ ነው። ቢበዛ የዘንድሮን ወፍ ያባርርልሽ ይሆናል። ከዚያ ሳጂድ የለም።" የላላውን ክር በትንሽ ጣቱ አጠነጠነ። "ጎንደር ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ልጅ አለ ብለውኛል። ግን ክሩን እየጠገነ ነው የሚሠራው። መንገዱን ጨምሮ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።"

ሁለት ሳምንት! ማሽላው ገና ወተት ነው። ፍሬው ጠንክሮ ግሪሳው ተስፋ የሚቆርጠው ልክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሰሊጧን ዘንድሮ ዝናብ አበላሽቶባታል። የዓመት ቀለቧ ይኸው ማሳ ብቻ ነው፤ ግሪሳ ከገባበት በሦስት ቀን አገዳውን ትቶላት ይሄዳል።

ፈሀድ ፊቷን አየና ካሴቱን መልሶ መዳፏ ላይ አኖረው።

"አልጠይቅሽም፤ እህል ነው። እኛ በዘጠኝ ዓመት ጩኸታችን የራሳችንን ቤት እንኳ አላበላንም። አንቺን ግን ሃያ ሁለት ዓመት አበላን። ለሳጂድ ይህን ብነግረው ደስታውን አይችለውም ነበር።"

መዶሻውን አንሥቶ ወደ ዋሴ ማሳ ተመለሰ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግሪሳው እንደ ልማዱ ተነሣ። አሰበች ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከታ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ደመናው ቀረበ። ያ ሁሉ አገር የሚፈልገው ድምፅ እዚህ፣ በእሷ ማማ ላይ፣ ወፍ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ምን ዓይነት ነገር ነው! አሁን አንዴ ብትጫነው አንዴ ይቀንሳል።

ቁልፉን ተወችው። ካሴቱን አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ማማው ላይ የነበረውን ባዶ የውኃ በርሜል ገልብጣ፣ ሁለት ዱላ አንሥታ፣ መምታት ጀመረች።

ሁለተኛውን ዘፈን ነበር የመታችው። እጇ ያውቀዋል ለካ! ሳጂድ የሚጮኽበት ሲደርስም ጮኸች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። የግሪሳው እኩሌታ ዞረ። እኩሌታው የማሳው ዳር ላይ አረፈ፤ ማሽላው በወፉ ክብደት ጎበጠ። ቢሆንም አላቆመችም። ዝም የሚባልበት ቦታ ደረሰና ዱላዎቿን አየር ላይ ያዘች።

ከዋሴ ማሳ በኩል፣ ተሳቢው ብረት ላይ፣ መዶሻ ገባ፤ ልክ በቦታው። አሰበች ዱላዎቿን አወረደች። በርሜሉና ብረቱ አንድ ላይ ሲሄዱ ከዳር ያረፈው ወፍ ሁሉ እየተንጫጫ ተነሣ።

"እናንተ ሰዎች! ጋኔሉ ሁለት ሆነ እንዴ?" ብሎ ጮኸ ዋሴ።

"ዋሴ!" አለች አሰበች እያለከለከች። "እንግዳውን ንገራቸው! ሥራቸውን ሲጨርሱ በዚህ በኩል ይለፉ! ካሴታቸውን ይዘው ይሂዱ!"

"ግሪሳውስ?"

"ግሪሳው ነገ ጠዋት ይመጣል" አለችና በርሜሉን ወደ ማማው ጠርዝ ሳበችው። "አንተም የቆርቆሮ ነገር ካለህ ፈልግ።"