ያልተጠየቀው ጥያቄ

በወደባችን የመርከብ ጥገናው ከመዘጋቱ በፊት ዝገት ማራገፍ የሴቶች ሥራ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው በገመድ በተንጠለጠለ ሳንቃ ላይ ይቀመጡና የመርከቡን ጎን በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ። ጆሯቸውን የበላው እሱ ነው። በዚያ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ጓደኛሽ ስትነሳ አብረሽ ተነሺ፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂ። አለዚያ ሳንቃው ይገለበጣል።

እትዬ ማክሱንና እትዬ ጆምኔ ወጣትነታቸውን የጨረሱት በአንድ ሳንቃ ላይ ነው። ጥገናው ከተዘጋም በኋላ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ኖሩ። እኔ ፊት ለፊታቸው የዓሣ ሾርባ ስለምሸጥ ሲጯጯሁ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ስለ ኪምቺ ጎመን ጨው እንኳ ሲያወሩ የተጣሉ ይመስላሉ።

በኋላ ከተማው ሰፈራችንን «ቅርስ» አለውና ቤት ገዢዎች መጡ። ሥራው ሲሞት ዞር ብሎ ያላየን ሁሉ ቅርስ ስንባል ወደደን። አፌን ሞልቼ ግን አላማም፤ ሾርባዬ እንደ ዘንድሮ ተሸጦ አያውቅም።

ገዢዎቹ መጀመሪያ የገቡት ማክሱን ቤት ነው። እሷ እንግዳ ናቸው ብላ የገብስ ሻይ አቀረበችላቸው እንጂ ቤቷን የመሸጥ ሐሳብ አልነበራትም። ጆምኔ ግን በመስኮት ስታያቸው ጓደኛዋ ቤቷን ልትሸጥ የተነሳች መሰላት። በማግስቱ ሄዳ ፈረመች። ማክሱን ይህን ስታይ ለምን ብላ ሳትጠይቅ እሷም ፈረመች። አንዷ ዴጉ ከተማ፣ ሌላዋ ኡልሳን ከተማ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። ጆሮው ለደከመ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል? በዚያው ተጠፋፉ።

ባለፈው መጸው ለድሮው የመርከብ ጥገና የተሠራው ሙዚየም ሲመረቅ ሁለቱም ተጠሩ፤ እኔም ሄጄ ነበር። የተገናኙት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሳንቃ ሥር ነው።

«ምነው ሸጥሽው?» አለች ማክሱን በለመደችው ጩኸት።

«አንቺ ስለተነሳሽ ነዋ» አለች ጆምኔ።

«እኔ መቼ ተነሳሁ? ሻይ ነው ያጠጣኋቸው። አንቺ ስትፈርሚ ነው የፈረምኩት።»

«ታዲያ አትጠይቂኝም ነበር?»

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ተናደድኩ። ሳንቃው ላይ መጠየቅ አይቻልም ነበር፣ እሺ። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ዓመት ሙሉ መዶሻ አልተሰማም። አሁን የማክሱን ቤት ካፌ፣ የጆምኔ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል።

ጎብኚዎቹ ጩኸታቸው የምርቃቱ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ሁለቱም አልሰሙም። ማክሱን የሚጨበጨቡትን እጆች አየችና፣ ሰው ሲያከብር ዝም ማለት ነውር ነው ብላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ጆምኔ ታለቅስ ነበር።