የወንበሩ ልብስ

ልብስ ሰፊዋ በዚያን ዕለትም እንደ ወትሮዋ ማለዳ ነቃች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን በቅባት አሸች፤ ግድግዳውን ይዛ ወደ ምድጃው ሄደችና ሻይ ጣደች። ሻዩ እስኪፈላ የስፌት መኪናዋን አቧራ ጠርጋ አለበሰችው። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይበቃታል። ከደጅ ግን ያለ ተጣጣፊው ተሽከርካሪ ወንበሯ አትወጣም።

መንገደኛ ነበረች። ታላቅ እህቷ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰዋታል። ሐኪም እንዲያ ሲያደርግ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አላጡትም፤ በስልክ ግን ሌላ ሌላውን ያወራሉ። ታላቂቱ ወንበሩ ከተገዛ ጀምሮ ታናሿን ‹‹ንግሥትዬ›› ትላታለች። በዋዜማው ማታም በሰለለ ድምፅዋ፣

‹‹ንግሥትዬ፣ ዙፋንሽን አስጭነሽ ቶሎ ነይ፤ እኔ እንደሆነ መሄጃዬ ቀርቧል›› አለቻት።

‹‹ወሬሽ ሳያልቅ የት ትሄጃለሽ?›› አለች ታናሺቱ።

ልብስ ሰፊዋ የሰው ዓይን ትፈራለች። ለወንበሩ ልብስ የሰፋችለትም ለዚሁ ነው፤ ከወፍራም ግራጫ ሸራ፣ በጎኑ ዚፕ፣ በላዩ ማንጠልጠያ ያለው። መቀመጫውን ከመሃል ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ሁለቱ ጎኖች ይገጥማሉ። ያ ልብስ ከጠለቀበት በኋላ የነጋዴ ጓዝ እንጂ የማትራመድ ሴት ወንበር ነው የሚል የለም።

ጎረቤቷ በመኪናው መናኸሪያ አደረሳትና ደግፎ አወረዳት። የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃውን ተቀብሎ ምንነቱን ጠየቃት። ተሳፋሪው ዙሪያዋን ቆሟል።

‹‹ጨርቃ ጨርቅ ነው›› አለችው።

መንገድ ላይ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወረደ። ረዳቱ የነጋዴውን ጥቅል ሲያወርድ ጨርቅ የተባለውን ሁሉ አብሮ አወረደለት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያወቀችው ከደረሰች በኋላ፣ የአውቶቡሱ ሆድ ባዶ ሲቀር ነው። ረዳቱ ደንግጦ ወዲያ ወዲህ ደወለ። ወንበሩ ተገኘ፤ በማታው አውቶቡስ ይመጣል ተባለ።

‹‹እማማ፣ ወንበር ነው ብትሉኝ ኖሮ ዓይኔን ከላዩ አላነሳም ነበር›› አላት በሐዘኔታ።

ልትቀበላት የመጣችው የእህቷ ልጅ ናት። ታክሲ እስከ ሰፈሩ መግቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ነው።

‹‹አክስቴ፣ እኔ አዝልሻለሁ›› አለቻት። ‹‹እማዬ በር በሩን እያየች ነው።››

‹‹ሰፈሩ እያየኝ? እንደ ሕፃን?››

‹‹ሰፈሩ ምን አገባው?››

‹‹ወንበሬ ሲመጣ ሰው መስዬ እገባለሁ። አንቺ ሂጂና ደርሳለች በያት።››

ልጅቷ ለመነቻት፤ ደጋግማም ለመነቻት። አክስትየው አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ናት። ልጅቷ ታማሚዋን ብቻዋን ጥላ መቆየት ስላልቻለች፣ ወደ ኋላ እያየች ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ለእህቷ የምትነግራትን ቀልድ በልቧ አሰናዳች፤ ዙፋኑ በጨርቅ ነጋዴ ተማረከ ልትላት ነበር። እህቷ ስትስቅ ሳል ያፍናታል፤ እንዲያም ሆኖ መሳቋ አይቀርም።

ማታ ወንበሩ ከነልብሱ መጣ። ጭረት እንኳ አልነካውም። የታክሲው ሹፌር ሰፈሩ መግቢያ ላይ ዘረጋላትና ቀጭኑን መንገድ መንኮራኩሩን በእጇ እየገፋች ገባች።

በሩ ላይ ሰው ቆሟል። መንገድ ለቀቁላት። ወንበሩን ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

የእህቷ ልጅ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

‹‹‘መጣች?’ ስትል ቆየች›› አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን እጅ ያዘች። እጁ ገና ጨርሶ አልቀዘቀዘም ነበር።

ወደ ቤቷ ከተመለሰች ወዲህ ወንበሩ በሯ ሥር ተዘርግቶ ይቆማል። ማታ ማታ ስልኩ አይጮህም። ንግሥትዬ የሚላት ሰው የለም።