በእጇ ልክ

"ታዲያ በእጁ ሥዕል ፋንታ ማስመሪያ ብናስገባበትስ?" አለ አርታኢው፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሥራ ማንሳቱ እሱኑ አሳፍሮታል። "መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ጋሼ ጫጩቷን ስለው ጨርሰዋታል። የእርስዎን እጅ ግን..."

ሻዩን ፉት አለ።

"አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!" ብላ የሟቹ እህት አጠገቧ ላለችው ጎረቤት አንሾካሾከች።

"ተይው፣ እትዬ" አለች ሚስትየው። "ወንድምሽ ሥራ አጉድሎ መሄድ መች ያውቃል?"

ባልና ሚስቱ ዕድሜ ልካቸውን የልጆች መጽሐፍ ሲሠሩ ነው የኖሩት። እሷ ስለ ነፍሳቱ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ወፉ ትጽፋለች፤ እሱ ይስላል። ሁሉንም በትክክለኛ መጠኑ ይስልና ማነጻጸሪያ እንዲሆን የእሷን ግራ እጅ ከጎኑ ያኖራል። ለመጀመሪያው መጽሐፍ ጥንዚዛ መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥባት ጮኻ ቤቱን አተረማመሰችው።

"ኧረ ዝም በይ፣ ጥንዚዛዋን አስደነገጥሻት!"

"ማስመሪያ አትስልም ታዲያ?"

"ልጅ ማስመሪያ ይዞ አይዞርም። እጅ ግን አለው።"

እውነቱን ነበር። ልጆች መጽሐፉን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት የራሳቸውን መዳፍ በእሷ መዳፍ ላይ መለጠፍ ነው። እሷም ለመደችው። እርሳሱ በጣቶቿ መሀል ሲሽሎኮሎክ እየኮረኮራት ትስቃለች፣ እሱ ይቆጣል፤ "በቃ፣ አንሺው" እስኪላት ድረስ ንቅንቅ የለም። ሲያረጁም አላሳመራትም። የደም ሥሯንም የቆዳዋንም መጨማደድ አንድ በአንድ ይስለዋል።

"ምናለ ይቺን እንኳ ብትደብቅልኝ?" ስትለው፣

"የልጆች መጽሐፍ ላይ ልዋሽልሽ?" ይላታል። ያን ጊዜ ታኮርፈው ነበር፤ አሁን ግን እንደሷ ልብ ተብሎ የታየ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም።

"ሌላ ሠዓሊ ልላክ?" አለ አርታኢው።

"የማንን እጅ ሊስል?" አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ልጇ ተከትላት ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ገና ከዕንቁላሏ የወጣች የድንቢጥ ጫጩት፣ ከጎኗ ባዶ ቦታ። እናትየው ግራ እጇን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች። በቀኟ፣ እሱ በምላጭ ቀርጾ የተወውን እርሳስ አነሣችና ከአውራ ጣቷ ጀመረች።

"እማዬ፣ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልሣልልሽ?"

"ይንቀጥቀጥ። የዛሬው እጄ እንዲህ ነው።"

እርሳሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዞሮ የእጇ አንጓ ላይ ደረሰ። እርሳሱን አስቀመጠች። መዳፏ ግን እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ልጇ ትንሽ ጠበቀችና ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። "እማዬ፣ አለቀ እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች፣ እጇን ሳታነሣ።