ማር የተቀባው ገመድ

ጦጦች በሽታ የሚከላከሉበት ዘረመል ከአንዱ ጦጣ ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሚለያይ ለማወቅ ምራቃቸው ያስፈልጋል። ጦጣ ደግሞ እባክህ ትፋልኝ ቢሉት አይተፋም። ስለዚህ የጥጥ ገመድ ማር እየቀባን ጫካ ውስጥ እንጥላለን፤ አኝከው አኝከው ሲጥሉት እንለቅማለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ያከሰለኝ፣ እሾህ የቧጨረኝ ለዚሁ ነው። ዶክትሬቴም ያለው እዚያ ገመድ ላይ ነው።

መኪናውን የሚነዳልኝ አባቴ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መዋል አንገሽግሾታል። ስኳር በሽታ ስላለበት እናቴ ጣፋጭ የሚባል ነገር ደጃችንን እንዳይረግጥ ከልክላለች።

ውጤቱ ሲመጣ ፕሮፌሰሬ ቢሮ ጠሩኝ። ከመንጋው አንዱ ከሌሎቹ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ዘረመል እንዳለው ነገሩኝ። አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ልዘል ስል፣

«የሰው ነው» አሉ። «የላብራቶሪ ሠራተኞችን ዘረመል ለእንዲህ ያለው ጉድ ነው የምናስቀምጠው። ግማሹ ካንቺ ጋር ይገጥማል፤ አንቺ ግን አይደለሽም። የማን እንደሆነና የትኞቹን ገመዶች እንደነካ እስከ ዓርብ ካላወቅን ናሙናው በሙሉ ይጣላል።»

እራት ላይ ነገሩን ዘረገፍኩት። እንባዬም ቀደመኝ።

«እኔ ጫካ ረግጬ አላውቅም» አለች እናቴ። «ደግሞ ገመድ ማን ያኝካል?»

አባቴ ሳህኑን ያያል። በኋላ ለብቻዬ ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ እንባዬን ሲያይ ግን አላስቻለውም።

«ማር አለው» አለ። «በየጉዞው የመጀመሪያዋን ገመድ ብቻ ነው የማኝካት። ጣፍጦ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«ለጦጣ?» አለች እናቴ።

«ታዲያ ሳይቀመስ ይቀርባል?»

«ሁለት ዓመት!» እናቴ ማንኪያዋን ወረወረች። «ስኳርህ አልወርድ ብሎ ስንት ሐኪም ቀየርኩ! ስንቱን በከንቱ ተራገምኩ!»

እኔ ግን ተነስቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። በየጉዞው መጀመሪያ የጣልናቸው ገመዶች ከናሙናው ወጡ፤ የቀሩት ተረፉ፤ ማዕረጌንም አገኘሁ። አሁን እናቴ የማሩን ዕቃ ጭኗ ላይ አድርጋ ጋቢና ትቀመጣለች፤ አባቴ ኋላ ነው፤ የምነዳው እኔ ነኝ።

መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ስለ አባቴ አንድ መስመር አለች፦ «ጦጣ አለመሆኑ ተረጋግጦ ከጥናቱ ወጥቷል።»

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ እንደገና መርምሩት» አለች።