ሰባት ዓመት የታፈነ እልልታ

ብርቅታይት አንድ ነገር ከሆዷ አልወጣ ብሏት ኖረች። ባሏ ግዛው ጎልፍ ሜዳ ይገባል፣ እሷ አትገባም። ያውም ግዛው! ጥላ ካገኘ ቆሞ የሚያንቀላፋው ግዛው! ልጃቸው ረድኤት ኳስ በመታች ቁጥር እሱ ከእንቅልፉ ባንኖ "ጎበዝ" ይላል፤ እናት ግን ቤት ቁጭ ብላ ስልክ ትጠብቃለች።

ጥፋቷ እልልታ ነበር። ረድኤት ሃይስኩል ሳለች፣ አንድ ውድድር ላይ፣ ከሩቅ የመታቻት ኳስ ተንከባላ ተንከባላ ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ አለች። እናት ምን ታድርግ? አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ለካ እዚያው አጠገብ ሌላ ልጅ የራሷን ኳስ ወደ ጉድጓዱ ልትገፋ አጎንብሳ ነበር። ልጅቱ ደነገጠች፣ ዱላዋ አመለጣት፣ ኳሷ ወዲያ ሄደች። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ብርቅታይትን አያት። ረድኤት መኪና ውስጥ እንባዋን እየጠረገች፣ "እማ፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ፣ ፕሊስ" አለች።

"እሺ" አለች ብርቅታይት። እሺ ያለው አፏ ብቻ ነው።

"እልልታ ነውር የሆነበት ጨዋታ! ሰው ልጁ ሲቀናት ምን ይበል? ያስል?" ትለዋለች ግዛውን፣ ሰባት ዓመት ሙሉ።

"ኧረ ተይው አንቺ ሴትዮ።"

እሷ ደግሞ የምትተው ሴት አይደለችም።

ረድኤት ኮሌጅ ጨርሳ ፕሮፌሽናል የሆነችው ኮሮና በገባበት በፈረንጆቹ 2020 ነው። ብርቅታይት አልጋ የምታነጥፍበት የቬጋስ ዳውንታውን ካዚኖ ሆቴል ተዘግቶ ቤት ዋለች። ጎልፍ ግን ሰፊ ሜዳ ላይ ነውና ብዙም ሳይቆይ ተጀመረ። ረድኤት የገባችበት ውድድር ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው አይደለም፣ ከሥር ያለው ነው። ልጆቹ ራሳቸው እየነዱ፣ ሞቴል ውስጥ አንድ ክፍል ለሦስት እየተኙ፣ ከኔቫዳ አሪዞና ይንከራተታሉ። ሲዝኑ ሲያልቅ ከፊት የወጡት ጥቂቶች ወደ ላይኛው ውድድር ያልፋሉ፤ የቀሩት እንደገና ከታች ይጀምራሉ። ለበሽታው ሲባል ተመልካች ተከልክሏል። ከተጫዋቿ ጋር የሚገባው የዱላ ቦርሳዋን የሚይዝላት ሰው ብቻ ነው፤ ካዲ ይሉታል። የረድኤት ካዲ ማን ሆነ? ግዛው!

ብርቅታይት በየጉዟቸው ዳቦ ቆሎ ትቋጥርላቸዋለች። "ዳቦ ቆሎዬ ሜዳ ይገባል፣ እኔ አልገባም" እያለች።

በ2021 ግን ግዛው ወደ ሴኩሪቲ ሥራው ተጠራ። የመጨረሻው ውድድር እዚሁ ቬጋስ፣ አሊያንቴ በሚባለው ሰፈር ሆኖ ሳለ፣ ሺፍት የሚቀይርለት ሰው አጣ። ረድኤትም ሌላ ካዲ ብትፈልግ አላገኘችም። ኪችን መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች።

"እማ፣ ቦርሳ መያዝ ትችያለሽ?"

"የሆቴሉን ጋሪ ስገፋ የኖርኩ ሴት!"

"ቦርሳው አይደለም ፕሮብለሙ።" ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"አውቄያለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንደገባሁ እሆናለሁ።"

"ቤተ ክርስቲያን እልል ይባላል እኮ፣ እማ።"

ብርቅታይት አሰብ አደረገች። "እንግዲያው እንደ አባትሽ እሆናለሁ።"

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

ሜዳው ላይ ታዲያ ዝም አለች። እጇ ግን ዝም አልል አለ። የረድኤት ኳስ አሸዋ ውስጥ ስትወድቅ፣ የተዝረከረከ ነገር አይታ ማለፍ የማትችለው ሴት አሸዋውን ልትደለድል ሮጠች።

"እማ! ቁሚ! ከመታሁ በኋላ ነው!"

ረድኤት ከመታች በኋላ ብርቅታይት አሸዋውን እንደ አንሶላ ወጥራ አነጠፈችው። ከረድኤት ጋር የምትጫወተው የአሪዞናዋ ልጅ ሜገን አይታ ሳቀች፤ የእኔንም አንጥፊልኝ ብላ በእጇ አሳየች። ብርቅታይት አነጠፈችላት። ዳቦ ቆሎም ዘገነችላት። ልጅቱ ወደደችው፤ እያደር ራሷ እጇን ትዘረጋ ጀመር።

የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ፣ የቀረችው የማለፊያ ቦታ አንዲት ነበረች። ወይ የረድኤት፣ ወይ የሜገን። ሁለቱ እስከዚያች ሰዓት እኩል ናቸው። እኩል ከጨረሱ ሜገን ታልፋለች፤ በሲዝኑ የተሻለ ውጤት አላት።

ከሩቅ ያለችው ረድኤት ቀድማ ገፋች። ኳሷ ሄደች፣ ታጠፈች፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች ሲባል ገባች።

እልልታው ከብርቅታይት እንብርት ተነስቶ ጉሮሮዋ ደረሰ። ዞር ስትል ሜገን አጎንብሳለች። ልክ እንደዚያን ጊዜ! የሜገን ኳስ ቅርብ ናት፤ ከሳተቻት ቦታው የረድኤት ነው። አንዲት ድምፅ ብቻ ይበቃል። ብርቅታይት ማስኳን በጥርሷ ነከሰች። "እቺም የሰው ልጅ ናት" አለች በሆዷ። "እናቷ ይሄኔ አላስገባ ብለዋት የሆነ በር ላይ ቆማ ይሆናል።" እንደ ግዛው ሆነች። ከግዛውም ባሰች፤ እሱ እንኳ ያንኮራፋል።

ሜገን ገፋች። ገባች።

የሚያጨበጭብ አልነበረም። የጉድጓዱ ባንዲራ ብቻ በበረሃው ነፋስ ትርገበገባለች። ልጆቹ ክርን ለክርን ተነካኩ። ረድኤት ኮፍያዋን አውልቃ መሬት መሬት አየች።

"ረዲ፣ አለቀ?"

"አለቀ፣ እማ። አላለፍኩም።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። የሚገፋ የቀረ ሰው አለ?"

"የለም።"

ብርቅታይት ማስኳን አገጯ ላይ አወረደች። አንገቷን ቀና አድርጋ አቀለጠችው። መጀመሪያ ለረድኤት፤ ባታልፍስ ምን አለበት? እንዲህ ያለ የኳስ አገባብ አይታ አታውቅም። ቀጥሎ ለሜገን፣ እናቷ የለችምና። ሜገን አፏን ከፍታ ቀረች። ረድኤት እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

"እማ፣ አንዴ ድገሚው፣ ሜገን ቪዲዮ ልታነሳ ነው!"

ብርቅታይት ልመና ትፈልጋለች እንዴ? ጀምራዋለች።