የቤልሚሮ ግራ ታፋ

ቤልሚሮ ምራቱን መጠርጠር የጀመረው ዓይኗን ከእግሩ ላይ አልነቅል ስትል ነው። ሰው አማቱን ፊት ፊቱን ያያል እንጂ ታፋ ታፋውን ምን ይሁነኝ ብሎ ያያል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ቤልሚሮ ደግሞ በስተርጅናው መመንጠር አልፈለገም።

ቤልሚሮ በሚሠራበት እርሻ ወይን የሚጨመቀው በእግር ተረግጦ ነው። ሰዎቹ በድንጋዩ ገንዳ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እስከ ታፋቸው ወይን ውስጥ ቆመው፣ በአንድ ሰው ጥሪ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ጠሪው ቤልሚሮ ነው። «ግራ! ቀኝ!» ሲል ገንዳው በሙሉ ይታዘዝለታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ የሚሰማው ሰው የለም። ዘንድሮ ግን ግራ ታፋው እንደ ማገር ደርቆበታል። ይህን ያወቁበት ቀን ጥሪው ለሌላ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ይሄዳል።

ምራቱ ኢሪያ በፖርቶ ከተማ የተጎዳ ጡንቻ የምታፍታታ ባለሙያ ናት። ለአዝመራው ከባሏ ጋር መጥታለች።

«አባባ፣ ታፋዎን ያሞታል አይደል?»

«ማን አለሽ? እኔ ፈረስ ነኝ።»

«ፈረስ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይደገፋል እንዴ?»

ኢሪያ ግድግዳው ዘንድ ቆማ አሳየችው።

«በአንድ እጅዎ ይደገፉ። ከዚያ ጉልበትዎን አጥፈው ቁርጭምጭሚትዎን ከኋላ ይያዙና ተረከዙን ቀስ አድርገው ወደ መቀመጫዎ ይሳቡ። ጉልበቶችዎ አይራራቁ፣ ወገብዎን ቀጥ ያድርጉ። ወጠር ሲያደርግዎት እዚያው ላይ እየተነፈሱ ይቆዩ። ካመመዎት ይተዉት። ነጠቅ ነጠቅ ማድረግ ግን የለም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ጥርጣሬው ባሰበት። ሳያም የሚያድን ነገር በዕድሜው አላየም። ዋናውን ደብቃ ትርፍራፊውን ሰጠችኝ አለ በሆዱ። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከአለቃው ከሊዮኔል ጋር ስትንሾካሾክ አያት። ጆሮውን ቢያቆምም «ከጎኑ» ከምትል ቃል በቀር የያዘው የለም። ስለ ታፋዬ እየነገረችው ነው ለማለት ያቺ አንዲት ቃል በቃችው።

ሊዮኔልን ለብቻው ይዞ፣ «ይህቺ የከተማ ልጅ ገንዳ ከገባች የረጋጮቹን መስመር ታበላሻለች፤ እግሯ ምት አያውቅም» አለው።

«ዛሬ ሰው ጎድሎብኛል፤ ነገ አወጣታለሁ» አለ ሊዮኔል።

ከዚያ ቤልሚሮ ከበርሜሎቹ ጀርባ ተደብቆ ታፋውን በራሱ መንገድ ይስብ ጀመር። ዕድሜውን ወይን የረገጠ ሰው ሰውነቱን የሚያዝበት ሌላ መንገድ የለውም። «ግራ! ቀኝ!» እያለ በምት ተረከዙን ነጠቅ፣ ነጠቅ አደረገው። ድንገት ታፋው ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። ላቡን ጠርጎ ወጣ፤ ማንም አላየውም።

ማምሻውን ገንዳው ውስጥ ሲገቡ ኢሪያ መጥታ ከግራው ቆመች። ልታጋልጠኝ ነው ብሎ ፈራ። ጥሪው ሲሞቅ ግራ እግሩ አልነሳም አለ፤ ጥሪውንም አቋረጠ። ይሄኔ የኢሪያ ክንድ ከትከሻው ወርዶ በብብቱ ሥር ገባና ደግፎ አነሳው።

«ይጥሩ እንጂ፣ አባባ» አለችው በጆሮው፣ እያለከለከች።

«ግራ!» አለ። የተነሳው የእሷ እግር ነበር። እስከ መጨረሻው እንዲያ ተሸክማው ረገጠች፤ ምት አልሳተችም።

ከገንዳው ሲወጡ ሊዮኔል በሰው ሁሉ ፊት፣ «ኢሪያ፣ ነገ አትገቢም። ቤልሚሮ ምት አታውቅም ብሎኛል» አላት።

ኢሪያ አማቷን አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቤልሚሮ ዝም ቢል ጥሪው የእሱ እንደሆነ ይቀራል። ዝም ሊልም ቃጥቶት ነበር።

«ዋሽቻለሁ!» አለ ገንዳ ውስጥ በሚጠራበት ድምፅ። «ታፋዬ ተበላሽቷል። ዛሬ የቆምኩት በእሷ እግር ነው። ጥሪውን ለሌላ ስጠው፤ እሷን ብታወጣ ግን ውርድ ከራሴ።»

ሊዮኔል ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኔ ደግሞ ከጎኑ አቁመኝ ብላ ስትለምነኝ፣ ምኑ ናፍቋት ነው እል ነበር።»

ኢሪያ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛ መጥታ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«ነጠቅ አደረጉት፣ አይደል?»

«በምት ነው ያደረግኩት» አለ ቤልሚሮ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት።

«እስኪድን መሳብም የለም። ከዳነ በኋላ አብረን እናደርገዋለን።»

አንገቱን ደፍቶ ታፋውን ሰጣት።